ጥድ ወይስ አፕል? ለአንድ የቀበና ግቢ

ጥያቄው የመጣው ከቀበና ነው። ጠያቂዋ እንዲህ ይላሉ፦ «ከቤታችን ፊት ለፊት፣ በደቡብ በኩል፣ 9 ሜትር በ7 ሜትር የሚሆን ባዶ ቦታ አለን። የነበረው ዛፍ ደርቆ ተቆርጧል። ወንድሜ ጥድ እንትከል ይላል። ግርማ አለው፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ ከጎናችን ከተሠራው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ይከልለናል፣ ለገናም ይሆናል ባይ ነው። እናቴ ደግሞ ከአፕል ሌላ አትሰማም። ለመሆኑ አዲስ አበባ ላይ አፕል ያፈራል? እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ ይደርስላታል?»

መልሱን አስቀድሜ ልናገር። ለዚህ ቦታ አፕል ይሻላል። ማንኛውም አፕል ማለቴ ግን አይደለም። ሁለት ዛፍ፣ ሁለት የተለያየ ዝርያ፣ ሁለቱም የተዳቀሉ (ማለትም በሌላ አፕል ሥር ላይ የተጣበቁ)፣ ሁለቱም ብዙ ብርድ የማይጠይቁ መሆን አለባቸው። በዓመት አንድ ጊዜ ቅጠላቸውን በእጁ የሚያራግፍ ሰውም ያስፈልጋል። ያ ሰው ከሌለ አፕሉ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ እንዲህ ከሆነ ሌላ ነገር ቢተክሉ ይሻላል። ጥዱን ግን እዚያ ቦታ ላይ በፍጹም አልመክርም። ወንድምዎ የፈለጉት ሁሉ ተገቢ ፍላጎት ነው። ችግሩ ጥዱ የሚፈልጉትን አይሰጣቸውም።

በመጀመሪያ የትኛው ጥድ? አዲስ አበባ ውስጥ ችግኝ ሻጭ ጋ ሄደው «ጥድ» ቢሉ ከሦስት አንዱን ያነሳልዎታል። አንዱ አገር በቀሉ የሐበሻ ጥድ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የምናየው፣ መናገሻ ሱባ ጫካ ውስጥ አንገትን ቀና አድርጎ የሚያስመለክተው እሱ ነው። ሁለተኛው የፈረንጅ ጥድ ነው። ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው። ለአጥር የሚከረከመው፣ ለገናም ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ይኸው ነው። ሦስተኛው ፓይን የሚባለው ነው። ቅጠሉ ረጅም መርፌ ነው። እኛ አገር በብዛት የተተከሉት ፓቱላና ራዲያታ ናቸው። የፓቱላን መርፌ ቀረብ ብለው ቢያዩት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሦስት ሆኖ ከአንድ ቦታ ይወጣል፤ ወደ ታችም ዝርግፍ ይላል። ወንድምዎ «ግርማ አለው» ያሉት ይህን ይመስለኛል። ስለዚህ የምናገረው በዋናነት ስለ ፓይን ነው። ቁመትን በተመለከተ ግን ሦስቱም ትልልቅ ዛፎች ናቸው፤ የሐበሻ ጥዱም ቢሆን ቀስ ብሎ ያድጋል እንጂ አጭር አይደለም።

ፓቱላ ከተመቸው በዓመት አንድ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያድጋል። 30 ሜትር መድረስ ለእሱ ብርቅ አይደለም። አሁን ጥላውን እናስላው፤ ለእኔ ትልቁ ምክንያት እሱ ነውና። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች። 20 ሜትር የደረሰ ዛፍ በታኅሣሥ፣ ልክ በእኩለ ቀን፣ ከ12 ሜትር በላይ ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። ጠዋትና ማታማ ጥላው ይረዝማል። ከቦታው በስተ ሰሜን ያለው ደግሞ የእናትዎ ቤት ነው። ታኅሣሥና ጥር የአዲስ አበባ ሰው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በረንዳ ወጥቶ ፀሐይ የሚሞቅበት ጊዜ ነው። ቤት ውስጥ ሲገቡ ሲሚንቶው እግር ያቀዘቅዛል። ያችን ፀሐይ ጥዱ ይወስዳታል። ቅጠሉ ስለማይረግፍም በብርዱ ወቅት ፋታ አይሰጥም። ለ74 ዓመት እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሕንፃው ይከልለናል የሚለው ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት እውነት ነው። ከዚያ ግን ዛፉ ወደ ላይ ሲሄድ የታችኛዎቹ ቅርንጫፎች ብርሃን ያጣሉ። ይደርቃሉ፣ ይወድቃሉም። የቆየ ፓይን ሥር የቆመ ሰው ያውቀዋል፤ ከታች ባዶ ግንድ ነው፣ አረንጓዴው ያለው አናቱ ላይ ነው። አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤት በግንዱ ጎን አድርጎ ግቢውን ያያል። እናንተ የምትፈልጉት መጋረጃ ከሁለት እስከ አምስት ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ነው። ፓይን ሲያድግ ባዶ የሚሆነው ይኸው ከፍታ ነው።

«ሲረዝም እንቆርጠዋለን» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ይህ ሐሳብ የመጣው ከባሕር ዛፍ ይመስለኛል። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከተማችን በምኒልክ ዘመን ከተከለችው ጀምሮ ስንቆርጠው፣ ሲበቅል፣ ስንቆርጠው ኖረናል። ፓይን እንዲህ አይደለም። ቅጠል የሌለው አሮጌ ቅርንጫፍ ላይ ከቆረጡት ከዚያ ቦታ አዲስ ቅጠል አይወጣም። አናቱን ከቀነጠሱት ደግሞ ሁለት ሦስት የጎን ቅርንጫፎች ተሻምተው አናት ይሆናሉ። መጋጠሚያቸው ደካማ ስለሆነ የሐምሌ ነፋስና ዝናብ ሲመጣ የሚገነጠሉት እነሱ ናቸው። ቤት፣ አጥርና የመብራት ሽቦ መሀል ያለ ትልቅ ጥድ ማስቆረጥም የባለሙያ ሥራ ነው፤ ገመድ፣ ሰውና ገንዘብ ይጠይቃል። ከመቁረጥ በፊት ወረዳውን መጠየቅም አለ።

ስለ ጣሪያው አጠር አድርጌ ልለፍ። መርፌ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ ይረግፋል። አሸንዳ ውስጥ ይተኛል፤ ክረምት ሲገባ ውኃው አሸንዳውን አልፎ ግድግዳ ላይ ይወርዳል። ቆርቆሮ ላይ የተከመረው ደግሞ እርጥበት ይይዝና ዝገት ያፋጥናል።

በአንድ ነገር ግን ጥዱ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። «መሬቱን ያበላሻል፣ ቅጠሉ መርዝ ነው፣ ሥሩ ምንም አይበቅልም» ይባላል። የረገፈው መርፌ የላይኛውን አፈር አሲድነት የሚጨምረው በጥቂቱ ነው። ከሥሩ ብዙ ነገር የማይበቅለው በጥላው፣ ሥሩ ውኃውን ስለሚሻማና መርፌው ወፍራም ምንጣፍ ስለሚሆን ነው። ደረቁን መርፌ አፕል ሥር ጉዝጓዝ አድርገው ቢያነጥፉት እንኳ ጉዳት የለውም። ሰፊ መሬት ላይ፣ ለምሳሌ ሱሉልታ በኩል ቦታ ያለው ዘመድ ካላችሁ፣ ፓይን ጥሩ ዛፍ ነው። ፈጥኖ ያድጋል፣ ነፋስ ይሰብራል፣ ከተቋቋመ በኋላ ውኃ አጠጡኝ አይልም። ቦታው ይለያይ ነው የምለው።

አሁን ወደ አፕሉ። አዲስ አበባ ላይ ያፈራል? አዎ፣ ያፈራል። አገራችን ውስጥ በአፕል ስሟ የሚጠራው ጨንቻ ናት። በጋሞ ደጋ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። እዚያ በሚሲዮናውያን አማካይነት ከገባ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። የአዲስ አበባ መሀል ከተማ ከዚያ ዝቅ ይላል፤ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ለአፕል ትልቅ ነው።

ምክንያቱ ብርድ ነው። አፕል ብርዱ የሚበረታበት ረጅም ወቅት ካለበት አገር የመጣ ዛፍ ነው። ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። ለመንቃት ደግሞ የተወሰነ ሰዓት ብርድ መቁጠር አለበት፤ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በታች የሆነባቸው ሰዓቶች ተደምረው ማለት ነው። ሱፐርማርኬት የምናያቸው ታዋቂ ዝርያዎች ብዙዎቹ ከ600 ሰዓት በላይ ይፈልጋሉ። አዲስ አበባ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ግን ብርዱ የሚጠነክረው ሊነጋጋ ሲል ለጥቂት ሰዓት ነው፣ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ታሞቀዋለች። መሀል ከተማ ላይ ደግሞ ቀን የሞቀው ኮንክሪትና አስፋልት ሌሊቱን ያለዝበዋል። በዚህ ምክንያት እንደ ጎልደን ዴሊሸስ ያለውን ዝርያ ቀበና ላይ ቢተክሉ ዛፉ አይሞትም፤ ግራ ይገባዋል። ግማሹ ቅርንጫፍ ሲነቃ ግማሹ ይተኛል፤ አበባው አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ይላል። «አዲስ አበባ አፕል አያፈራም» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው።

መፍትሔው ብርድ ብዙ የማይፈልግ ዝርያ መምረጥ ነው። በስም ጠይቀው ይግዙ፤ አና እና ዶርሴት ጎልደን። አና እስራኤል ውስጥ የወጣች ዝርያ ናት። ዶርሴት ጎልደን የተገኘችው ባሃማስ ነው፤ ሞቃት ደሴት ላይ ማለት ነው። ሁለቱም 300 ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ብርድ ይበቃቸዋል። አና ረዘም ያለች፣ ቢጫ አረንጓዴ ላይ ቀይ የፈሰሰባት ናት። ዶርሴት ቢጫ፣ ጠንከር ያለች፣ ጣፋጭ ናት። ፕሪንሲሳ የምትባል የብራዚል ዝርያም ካገኙ ጥሩ ናት።

ሁለት ዛፍ ያልኩት ለጌጥ አይደለም። አፕል አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የአበባ ዱቄት ጥሩ አድርጎ አያፈራም። ከሌላ ዝርያ፣ በተመሳሳይ ጊዜ ከሚያብብ ዛፍ፣ ንብ ማምጣት አለባት። አናና ዶርሴት አብረው ስለሚያብቡ ለዚህ የተፈጠሩ ጥንዶች ናቸው። ሁለት አና ተክሎ መቀመጥ ብዙ አይረዳም። ሻጩ «አንዱ ይበቃል» ካለዎት አይስሙት። አበባ ባለበት ሰሞን ደግሞ ፀረ ተባይ አይርጩ፤ ንቧን ነው የሚገድሉት።

ችግኝ ሲገዙ ዓይንዎ ግንዱ ላይ ይሁን። ከአፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ግንዱ ትንሽ ታጥፎ ወይም አብጦ ይታያል። ከዚያ በታችና በላይ ያለው ቅርፊት ይለያያል። የተዳቀለበት ቦታ ያ ነው። ከታች ያለው የሥሩ ዛፍ ቁመቱን ይወስናል፣ ከላይ ያለው ፍሬውን። ይህ ምልክት ከሌለው ችግኙ ከፍሬ የበቀለ ሊሆን ይችላል። ከፍሬ የበቀለ አፕል እናቱን አይመስልም፤ ለማፍራትም ስድስት፣ ሰባት፣ አንዳንዴ አሥር ዓመት ይወስዳል። የሥሩ ዛፍ ምን እንደሆነ ሻጩ ካወቀ ይጠይቁት። ኤምኤም 106 የሚባለው ለግቢ ይሆናል፤ መካከለኛ ቁመት ነው፣ በመግረዝ ሦስት ሜትር ላይ ማቆየት ይቻላል። ነጭ ጥጥ የሚመስለውን የአፕል ቅማልም ይቋቋማል። ድክመቱ ውኃ ሲተኛበት ሥሩ መበስበሱ ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ለእናትዎ ይደርሳል ወይ? የተዳቀለ ችግኝ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ፍሬ ማሳየት ይጀምራል። በመጀመሪያው ዓመት ካበበ ፍሬውን ገና ትንሽ ሳለ ያንሱለት፤ ጉልበቱን ሥር ለመስደድ ይጠቀምበት። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እናትዎ ራሳቸው ይቅጠፉት። የታችኛዎቹ ቅርንጫፎች ከእጅ ስለማይርቁ ለእነሱ መሰላል አያስፈልጋቸውም።

አሁን አፈሩ። ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ 60 ሳንቲ ሜትር በ60፣ ጥልቀቱም 60 የሆነ ጉድጓድ ያስቆፍሩ። ጡብ፣ ስሚንቶና የግንባታ ፍርስራሽ ከወጣ ሁሉንም ያስወጡ፤ የመሀል ከተማ ግቢ ውስጥ ይህ የተለመደ ነው። ከዚያ ሁለት ጀሪካን ውኃ ያፍሱበት። ማግስቱ ጠዋት ውኃው ካለ መሬቱ ውኃ ይይዛል ማለት ነው። ጥቁር መረሬ አፈር ላይ ይህ ያጋጥማል። ያኔ ጉድጓዱን ትተው አፈርና የበሰለ ፍግ ቀላቅለው 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጉብታ ይሥሩ፣ ጉብታው ላይ ይትከሉ። የቀድሞው ዛፍ የደረቀው በሥር መበስበስ ከሆነም ጉቶውን ከነሥሩ አስወጥተው ከእሱ ራቅ ብለው ይትከሉ። ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ችግኙን ያስገቡ። የተዳቀለበት ቦታ ከአፈር በላይ መቅረት አለበት፤ ከተቀበረ የላይኛው ግንድ የራሱን ሥር አውጥቶ ትልቅ ዛፍ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ሦስት ሜትር ተኩል ይተዉ፣ ከግንብ ሁለት ሜትር ይራቁ። ከሴፕቲክ ታንክ ይበልጥ ይራቁ።

ዋናው ሥራ ቅጠል ማራገፉ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አዲስ አበባ ውስጥ አፕል ቅጠሉን በራሱ አያረግፍም፤ ወይም ግማሹን ብቻ ያረግፋል። ብርዱ በቂ ስላልሆነ መተኛቱን አያውቅም። ስለዚህ እኛ እናስተኛዋለን። ኅዳር ሲገባ ውኃውን ይቀንሱ። ታኅሣሥ አጋማሽ አካባቢ ቅጠሉን በሙሉ ያራግፉ። እየጎተቱ አይንጩት፤ የሚመጣው ዓመት እምቡጥ ያለው ቅጠሉ ከቅርንጫፉ የሚገናኝበት ብብት ውስጥ ነው፣ አብሮ ይነቀላል። መቀስ ይያዙና የቅጠሉን ሰፊ ክፍል ይቁረጡ፣ ቀጭኗን እጀታ ይተዉአት። እጀታዋ በቀናት ውስጥ ደርቃ ራሷ ትወድቃለች። እምቡጡ ሳይነካ ይቀራል። ሁለት ወጣት ዛፍ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ልጆችም ይችሉታል። ያን ጊዜ ዛፉ እርቃኑን ስለሚቆም ይግረዙት። የተጠላለፈውን፣ ወደ ውስጥ የገባውን፣ የደረቀውን ያንሱ። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚሮጠውን ቅርንጫፍ ግን ሁልጊዜ አይቁረጡት፤ በገመድ ወደ ጎን ያጋድሙት። የተጋደመ ቅርንጫፍ ከቆመው ይልቅ አበባ ይይዛል። ከዚያ ውኃውን መልሰው ይጀምሩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዛፉ ባንድነት ይነቃል፣ ባንድነት ያብባል።

ውኃ የፈረቃ ጉዳይ መሆኑን አውቃለሁ። ወጣት ዛፍ በበጋው በሳምንት 20 ሊትር ያህል ካገኘ ይበቃዋል። አሮጌ ጀሪካን ታችውን በሚስማር በስተው ሥሩ አጠገብ ያስቀምጡ፣ ውኃ በመጣበት ቀን ይሙሉት። ቀስ ብሎ ይጠጣዋል። ላዩን በሣር ወይም በደረቅ ቅጠል ጉዝጓዝ ይሸፍኑ፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ።

በሽታው ብዙ አያስፈራም። ለጋ ቅጠል ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ነገር ካዩ ጫፉን ቆርጠው ያስወግዱ። በክረምት ጥቁር ነጠብጣብ ከመጣ የወደቀውን ቅጠል ጠርገው ያውጡ። ወፉ ግን እውነተኛ ባለጋራ ነው። ጭራቸው ረጅም የሆነ፣ ግራጫ፣ በመንጋ መጥተው ቅርንጫፍ ላይ የሚንጠለጠሉት ፍሬው ሳይበስል ይጀምሩታል። መረብ ያልብሱት፣ ወይም ፍሬዎቹን በወረቀት ከረጢት ይሸፍኑ። ፍሬ ተጨናንቆ ከያዘም ከእያንዳንዱ ዘለላ አንድ ብቻ ይተዉ፤ አለዚያ ሁሉም ትንንሽ ይሆናል። አና ከተቀጠፈች በኋላ ቶሎ ትለሰልሳለች፤ እየቀጠፉ መብላት ነው።

ወንድምዎ የፈለጉት መጋረጃ ይቀራል። በሕንፃው በኩል ባለው አጥር ጥግ ወይራ ይትከሉ። አገር በቀል ነው፣ ቅጠሉ አይረግፍም፣ ሲቆርጡት ያቆጠቁጣል። በሚፈልጉት ከፍታ ላይ ማቆም ይችላሉ። ቀስ ብሎ ማደጉ ጉዳቱ ነው፤ ስለዚህ ትልቅ ችግኝ ይፈልጉ። ወይራውን አፕሉ ላይ ጥላ ከሚጥልበት አያቁሙት፤ አፕል ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። የፈረንጅ ጥድ ተከርክሞ አጥር ይሆናል የሚል ካለ፣ ይሆናል። ግን ከልጅነቱ ጀምሮ በየጊዜው መከርከም አለበት፣ መቀሱም ቡናማ እንጨት ላይ መድረስ የለበትም፤ ከደረሰ ያ ቦታ ባዶ ይቀራል። የጥድ ቅማል የሚባለው ተባይ ሲይዘውም ከመሀል እየቀላ ይደርቃል። ለገና ግን አንዱን ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ማሳደግ ጥሩ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ላይ እየከረከሙ ያቆዩት፤ ለበዓሉ በረንዳ ላይ አውጥተው ያስጊጡት።

ወንድምዎ የፓይን ችግኝ አስቀድመው ገዝተው ከሆነ አይጣል። ሰፊ ቦታ ላለው ሰው ይስጡት፣ ከቤትና ከሽቦ 20 ሜትር ርቆ ይተከል። ሲተክሉት ከፕላስቲኩ የመጣውን አፈር አያራግፉ። ፓይን ሥሩ ላይ አብሮት የሚኖር ፈንገስ አለ፤ ያለ እሱ ችግኙ ይቀጭጫል። ችግኝ ጣቢያዎች ከቆየ ፓይን ሥር አፈር አምጥተው የሚቀላቅሉት ለዚህ ነው። አዲሱ ቦታ ላይ ከዚህ በፊት ፓይን ካልነበረ ፈንገሱ የሚገባው በዋናነት በዚያ በላስቲኩ አፈር ነው።